የልጅ ልጅ ካናቴራ ምን ይናገራል?

በነታንያ፣ በረሖቮት፣ በአሽቀሎን ወይም በቂርያት ማልአኺ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የማያየው ሥዕል የለም። የአንዱ ወጣት ደረት ላይ ምላሱን ያወጣ ትልቅ ቀይ አፍ ተስሏል። ሌላው ቆቡ ላይ ኮከብ ያለበት ጢማም ሰው ለብሷል። አንዷ ልጅ የአፍሪካን ካርታ፣ ጓደኛዋ ደግሞ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መካከል የቆመ አንበሳ ወይም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ፊት ይዘው ያልፋሉ። እናቶችና አባቶች ይህን ሲያዩ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ልብስ ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አብዛኛው ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሥዕል ወይም ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ፣ ልጆቹ በዕብራይስጥ «ሑልጻ» የሚሉት፣ ለለባሹ ከልብስነት ያለፈ ነው። የማን ወገን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቆጣው አፉን ሳይከፍት የሚናገርበት ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል ደግሞ ልጁ ራሱ ትርጉሙን አጥርቶ የማያውቀው፣ አያቱ ግን በዕድሜያቸው የኖሩበት አለ። እንዲህ ያለው ካናቴራ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ትውልድ ሊያቀያይም ይችላል። ከተጠያየቁበት ደግሞ ያነጋግራል።

ልብስ መናገር የጀመረው ዛሬ አይደለም

ልብስ እንደሚናገር አረጋውያን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በአገር ቤት አንዲት ሴት ነጠላዋን እንዴት እንዳጣፋች ከሩቅ ያየ ሰው ወደ ሠርግ ይሁን ወደ ለቅሶ እንደምትሄድ ይለያል። በደህናው ቀን ጥለቱ ከታች ወርዶ ይታያል፤ በሐዘን ጊዜ ግን ወደ ላይ ይዞራል። ማንም ሳይነግረው መንገደኛው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ያልፋል። የካናቴራውም ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጥለት ፈንታ በቀለምና በፊደል መናገሩ ነው።

ምስል ሠርቶ መሸጡም ቢሆን ለማኅበረሰቡ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ እስራኤል ወንዶች ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖረዋል። ጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር እናቶች ከሸክላ ትንንሽ ምስል እየሠሩ ለቱሪስት ይሸጡ ነበር፦ የይሁዳ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ቱሪስቱ ምስሉን አገሩ ወስዶ መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ለእንግዳው «እዚያ ሄጄ ነበር» ማለቱ ነው። ዛሬ የሚወደውን ዘፋኝ ሥዕል ደረቱ ላይ አድርጎ የሚዞር ወጣትም ከዚያ ቱሪስት ብዙ አይለይም።

ከውስጥ ልብስ ወደ አደባባይ

ካናቴራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያም የሚጠሩበት ከሸሚዝ ሥር የሚለበሰውን ልብስ ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚለብሰው ባለ አጭር እጅጌ ካናቴራም የተጀመረው በውስጥ ልብስነት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኞቹ ከደንብ ልብሳቸው ሥር እንዲለብሱት ሰጣቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሙቀት ሲበረታ መርከበኞቹ የላይኛውን ያወልቁና በካናቴራው ብቻ ይሠሩ ነበር። ያም ሆኖ እርሱን ብቻ ለብሶ ከተማ መውጣት ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር።

ነውሩን የሰበረው ሲኒማ ነው። በ1951 ማርሎን ብራንዶ የተባለው ተዋናይ በፊልም ላይ በካናቴራ ብቻ ታየ። በ1955 ደግሞ ጄምስ ዲን ተከተለው። ወጣቱ ሁሉ እነርሱን መምሰል ፈለገ። ልጁ በውስጥ ልብስ ከቤት ሲወጣ ማየት የከበደው አባት፣ እንግዲህ መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጽሑፉ ከዚያም ቀድሞ ገብቶ ነበር። በ1948 የአሜሪካ ምርጫ ቶማስ ዱዊ የተባለው እጩ በስሙ ላይ የቃላት ጨዋታ ያለበት የምርጫ ካናቴራ ነበረው። በምርጫው ግን ተሸነፈ። ያሸነፈው፣ እስራኤል በታወጀች ዕለት ዕውቅና የሰጣት ሃሪ ትሩማን ነው። ዱዊ ምርጫውን ቢያጣም ካናቴራው ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።

የማተሙ ሥራ ቀላል ነው። በአንድ ማዕቀፍ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ሥዕሉ የማይነካው ቦታ ሁሉ ይደፈናል። ቀለሙ በላዩ ላይ ሲገፋ በክፍቱ ቀዳዳ ብቻ አልፎ ካናቴራው ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ይሠራለታል። ትልቅ ፋብሪካ ስለማይጠይቅ አንድ ሱቅ፣ አንድ ማኅበር፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች እንኳ የልባቸውን ማሳተም ይችላሉ። ካናቴራ የድሃውም የሀብታሙም መናገሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል በማርች 1984 ለንደን ላይ ታይቷል። ካትሪን ሃምኔት የተባለች እንግሊዛዊት የልብስ ንድፍ ባለሙያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ባዘጋጁት ግብዣ ላይ ተገኘች። ከላይ ደርባው የነበረውን ስትከፍተው በትልልቅ ፊደል፣ አብዛኛው ሕዝብ የአሜሪካን የኑክሌር ሚሳይል እንደማይፈልግ የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ ታየ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ እጇን ሲጨብጡ ፎቶ አንሺዎቹ አነሱ፤ ሥዕሉም በዓለም ተሠራጨ። ረጅም ንግግር ያላገኘውን ጆሮ አንድ ካናቴራ አገኘ።

የደጋፊ ልብስና ገንዘቡ

ምላሱን ያወጣው ቀይ አፍ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ምልክት ነው። በ1970 የነደፈው ጆን ፓሽ የተባለ ተማሪ ሲሆን በጊዜው የተከፈለው 50 ፓውንድ ነበር። መነሻ የሆነውም ካሊ የምትባለው የሕንዶች አምላክ ምላስ ነው። ይህን ካናቴራ የለበሰ ወጣት ሁሉ ስለ ካሊ ቀርቶ የቡድኑን አንድ ዘፈን ላያውቅ ይችላል። ምልክቱ ከሙዚቃው ተለይቶ በራሱ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል።

የደጋፊ ልብስ ንግድም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ደጋፊው ኮንሰርት ሲገባ ቲኬት ይገዛል፤ ሲወጣ ደግሞ ካናቴራ ይገዛል። ቲኬቱ ለአንድ ምሽት ነው፤ ካናቴራው ግን ለዓመታት ይለበሳል፣ በየመንገዱም ያስተዋውቃል። በኳስም ያው ነው። በእስራኤል ቢጫው የማካቢ ቴል አቪቭ፣ ቀዩ የሃፖኤል፣ አረንጓዴው የማካቢ ሃይፋ መሆኑን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆኖ ሜዳ ሲገባ፣ ስሙ በጀርባው የተጻፈበትን ማሊያ የሚለምን ልጅ የሚፈልገው ጨርቁን ብቻ አይደለም። «ከእኛ ቤት የወጣ ሰው እዚያ ደርሷል» ማለት ይፈልጋል።

ገንዘብ ባለበት ደግሞ ክርክር አለ። ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በ1981 ካረፈ በኋላ ፊቱ ያለበት ካናቴራ በዓለም ገበያ ሁሉ ተሸጠ። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ነጋዴዎች ቤተሰቡን ሳያስፈቅዱ አትመው በትልልቅ መደብሮች ሲሸጡ፣ የልጆቹ ኩባንያ ከሰሳቸው። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ዳኞቹ ካዩት ነገር አንዱ፣ ገዢው ካናቴራውን ሲያይ ቤተሰቡ የፈቀደው ይመስለዋል ወይ የሚል ነበር።

ለባሹ የማያውቀው ሰው

ቆቡ ላይ ኮከብ ያለበት ጢማም ሰው ቼ ጉቬራ ነው። ፎቶውን አልቤርቶ ኮርዳ የተባለ የኩባ ፎቶ አንሺ በማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ በሐዘን ሥነ ሥርዓት ላይ አነሳው። ቼ በ1967 ቦሊቪያ ውስጥ ከተገደለ በኋላ፣ በ1968 ጂም ፊትዝፓትሪክ የተባለ የአየርላንድ ሠዓሊ ፎቶውን በጥቁርና በቀይ ብቻ ሠራው። ቀለሙ ጥቂት ስለሆነ በዚያ ወንፊት ለማተም የተመቸ ሆነ፤ ዓለምን አጥለቀለቀ። ኮርዳ ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ድርሻ አልጠየቀም። ፎቶው ለቮድካ ማስታወቂያ ሲውል ግን ከሰሰ፣ 50,000 ዶላር ተከፈለው፣ ገንዘቡንም ለኩባ ሕፃናት ሕክምና ሰጠ።

ዛሬ ይህን ካናቴራ የሚለብሱ ብዙ ወጣቶች የሚያውቁት መልኩን እንጂ ሥራውን አይደለም። በአብዮቱ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩ አባቶች ግን «አብዮት» የሚለው ቃል ምን እንዳመጣ ያስታውሳሉ፤ በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች መምጣታቸውን፣ ቀይ ሽብርንም ያስታውሳሉ። ለልጁ «እምቢ ባይነት» የሆነው ሥዕል ለአባቱ የተሰወረ ወንድም ስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚያነቡት ግን አንድ መጽሐፍ አይደለም።

የንጉሡ ፊት በጃማይካ በኩል

ከሁሉም በላይ አያትንና የልጅ ልጅን የሚያገናኘውም የሚያራርቀውም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካናቴራ ነው። ሥዕሉ ወደ ቴል አቪቭ ሱቆች የመጣው ከጎንደር አይደለም። ረጅም መንገድ ዞሯል።

ራስ ተፈሪ በኖቬምበር 2 ቀን 1930 አዲስ አበባ ላይ ዘውድ ሲጭኑ ወሬው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው ጃማይካ ደረሰ። የባሪያ ልጆች ተብለው የኖሩት ጥቁሮች ዘውድ የጫነ ጥቁር ንጉሥ በጋዜጣ አዩ። አንዳንዶቹም ንጉሡን መሲሕ አሉ፤ እምነታቸውንም በቀድሞ ስማቸው «ራስታፋራይ» ብለው ጠሩት። ንጉሡ በኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ከአውሮፕላኑ ቶሎ መውረድ አልቻሉም። ቦብ ማርሌ ይህን እምነት ይዞ ዘፈነ። ንጉሡ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉትን ንግግር እንኳ በ1976 በዜማ አወጣው። ከዘፈኑ ጋር የንጉሡ ፊት፣ አንበሳውና ሦስቱ ቀለማት በካናቴራ ላይ ሆነው ዓለምን ዞሩ።

በ1990ዎቹ በእስራኤል ያደጉ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ይህን ሥዕል ያገኙት በዚህ በኩል ነው። ማልካ ሻብታይ የተባለች የባህል ተመራማሪ በ2001 ስለ እነዚህ ወጣቶች «በሬጌና በራፕ መካከል» የሚል መጽሐፍ አውጥታለች። በትምህርት ቤትና በሰፈር እንደ ውጭ ሰው የታዩ ልጆች፣ ጥቁርነት የሚያኮራበትን ቦታ በሙዚቃው ውስጥ አገኙ። አንድ ልጅ ያንን ካናቴራ ሲለብስ «ንጉሥ ከነበረበት አገር ነው የመጣሁት፤ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩኝ» ማለቱ ነው።

የአያቱ ትዝታ ግን ሌላ ነው። በንጉሡ ዘመን ከቤተ እስራኤል አብዛኛው ርስት አልነበረውም። በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ አርሶ ከአዝመራው ለባለርስቱ ይከፍል ነበር። «ፈላሻ» ተብሎ ተሰድቧል፣ ቡዳ ነው እየተባለም ተፈርቷል። የመሬት ድርሻ ያገኘው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ በ1975 በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። የይሁዳን አንበሳ በባንዲራው የሰቀለ፣ በ1955 ሕገ መንግሥቱም ዘሩን ከንጉሥ ሰሎሞን የቆጠረ መንግሥት፣ ኦሪትን ጠብቆ የኖረውን ሕዝብ ያለ ርስት አኖረው። ይህን ያየ ሽማግሌ የልጅ ልጁ ደረት ላይ ያንን ፊት ሲያይ ልቡ ቢሻክር አይፈረድበትም።

ትዝታው ግን አንድ ወጥ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በ1955 እና በ1956፣ የማኅበረሰቡ ልጆች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተምረው፣ ተመልሰውም በየመንደሩ አስተምረዋል። ንጉሡም ጣሊያን አገራቸውን ሲይዝ በ1936 በሃይፋ ወደብ ወርደው ኢየሩሳሌም በስደት ተቀምጠዋል። ስለ ንጉሡ በክፉም በደግም የሚናገሩ አረጋውያን አሉ። የጎደለው፣ ካናቴራውን ለሚለብሰው ልጅ ሁለቱንም የሚነግረው ሰው ነው።

አንበሳውም እንዲሁ ነው። ልጁ የራስታ ምልክት ይለዋል። ቄሶች ግን ያዕቆብ ልጆቹን ሲመርቅ ይሁዳን በአንበሳ ግልገል እንደመሰለው ከኦሪት ያውቃሉ። የኢየሩሳሌም ከተማ አስተዳደር ዓርማም አንበሳ ነው። ወጣቱ ከጃማይካ የተዋሰው የመሰለውን ምልክት አያቱ ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ነው።

በሰልፍና በሐዘን

በእስራኤል ካናቴራ የቡድን ልብስም ነው። ወታደሮች ሥልጠና ሲጨርሱ የራሳቸውን ቀልድ ጽፈው አንድ ላይ ያሳትማሉ። ቀልዱ ሁልጊዜ የሚያስቅ አይደለም፤ በ2009 አንዳንድ ነውረኛ ሥዕሎች በጋዜጣ ወጥተው ሠራዊቱ ራሱ አውግዟቸዋል። ደረት ላይ የተጻፈ ነገር ቀልድ ቢሆንም እንኳ ያስጠይቃል።

በዲሴምበር 2014 የአሜሪካ ታዋቂ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በፖሊስ እጅ የሞተ ጥቁር ሰው የተናገረውን የመጨረሻ ቃል በካናቴራ ለብሰው ወጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2015፣ አንድ የማኅበረሰቡ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና ወጣቶቹ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭን በሰልፍ ሞሉ። የአሜሪካ ጥቁሮችን ትግል የሚያስታውስ መፈክርም ተሰማ። ለዓመታት ካናቴራ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ የመሰለው ነገር የሚናገረው ቃል ነበረው።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ደግሞ የታጋቾችን ፊት የያዘ ካናቴራ በየአደባባዩ ታየ። እናቶች የልጃቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ። የማኅበረሰቡ ሰዎች ከዚያ አስቀድመው የአበራ መንግሥቱን ፎቶ ይዘው ለዓመታት ጮኸዋል፤ እርሱም ከ10 ዓመት በላይ ጋዛ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 ተመልሷል። በአዲስ አበባም ሐዘንተኞች የሟቹን ፎቶ በካናቴራ አሳትመው ቀብር መውጣታቸው ተለምዷል። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ በሚደረገው ታላቁ ሩጫ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ከተማውን ያጥለቀልቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በጨርቅ ሲታይ ይህን ይመስላል።

ከመቆጣት በፊት አንድ ጥያቄ

ካናቴራ ሁሉ በሁሉም ቦታ ይለበስ ማለት አይደለም። ለጸሎት ቤት፣ ለለቅሶና ለሽምግልና የሚሆነው ልብስ የታወቀ ነው፤ ይህን ለልጅ መንገር የወላጅ ድርሻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስድብ ሳያውቅ ለብሶ የሚዞር ልጅም አለና፣ ትርጉሙን እንዲያጣራ ማሳሰብ ይገባል።

ከዚያ ውጭ ግን «አውልቅ» ከማለት በፊት «ይህ ሰው ማነው? ለምን መረጥኸው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ልጁ መልስ ካለው አያቱ ስለ ልጁ አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ማንን እንደሚወድ፣ ምን እንደጎዳው። መልሱ «ቀለሙ ስላማረኝ ነው» ከሆነ ደግሞ የመናገሩ ተራ የአያት ነው። ስለ ጭሰኝነቱ፣ ስለ ወለቃ ሸክላ፣ ንጉሡ ሲወርዱ በመንደሩ ስለተባለው ነገር ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ልጁ ካናቴራውን ያን ቀን አውልቆ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ መልበሱንም ሊቀጥል ይችላል። ነገ ጓደኛው ስለ ሥዕሉ ቢጠይቀው ግን ከአያቱ የሰማው መልስ አለው።